የበቅሎው ፊልም ሦስት ቅጂዎች

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምቦልቻ ውስጥ በአክስቴ ቤት በር ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ተደረገ። ምልክቱን ያደረጉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ብሩሽና ጣሳ ይዟል፤ ሌላኛው መዝገብ። አክስቴ ቤት ውስጥ ነበሩ። ኮሽታ ሰምተው በሩን ሲከፍቱ ቀለሙ እጃቸውን ነካቸው።

እኔ ደሴ ነበርኩ። ስልክ የደወሉልኝ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

«በሬን ቀቡልኝ» አሉ።

«ምን ቀለም?»

«አንቺ ደግሞ ጥያቄሽ! ቀይ ነዋ። ሌላ ምን ይቀባሉ?» ብለው ዘጉት።

በዘጋቢነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ መንገድ ሥራና ስለሚነሱ ቤቶች ስንት ዜና እንደጻፍኩ አላስታውስም። ምልክት የተደረገባቸው ቤቶች ብዛት፣ የነዋሪዎቹ ቅሬታ፣ የኃላፊው ምላሽ። ቅርጹ ስለማይለወጥ እጄ ራሱ ይጽፈዋል። በዚያን ቀን ግን ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ።

ነገሩ ይህ ነው። መንገዱ ሊሰፋ ነው። ቤቱ የሚነሳበት ሰው ሁለት ነገር ካስረዳ ምትክ ቦታ ያገኛል፤ አንደኛ፣ ቤቱ መመሪያው ከሚጠቅሰው ዓመት በፊት መኖሩን፣ ሁለተኛ፣ ያኔም የሚኖርበት እሱ ራሱ መሆኑን። ካላስረዳ ቤቱ ሕገ ወጥ ግንባታ ይባልና ያለ ምትክ ይፈርሳል። የአክስቴ ወረቀቶች በጦርነቱ ወራት ጠፍተዋል። ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽተው ሲመለሱ በሩ ተገንጥሏል፣ ወረቀቶቹ የነበሩበት የቆርቆሮ ሳጥን የለም። በከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት መገኘት የነበረበት ቅጂም አልተገኘም። ጽሕፈት ቤቱ በሚያመሳክርበት የድሮ የአየር ፎቶ ላይ የአክስቴ ቤት ባለበት ቦታ የሚታየው የአንድ ግራር አናት ብቻ ነው። ግራሩ ከተቆረጠ ቆይቷል። ጎረቤቶቹ እንዳይመሰክሩላቸው ሁሉም በራቸው የተቀባ ሰዎች ናቸው፤ የአንዱ ምስክርነት ለሌላው አይያዝም ተባለ። ቅሬታ ለማቅረብ የተሰጠው ጊዜ ሠላሳ ቀን ነበር።

ግቢያቸው ውስጥ ከፊት ለፊት መንገዱን የሚያየው ዋናው ቤት አለ። ከጓሮ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለ። በዋናው ቤት እሳቸው ይኖራሉ፤ በሰርቪሱ ፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት ልጃገረዶች ተከራይተዋል። አክስቴ ራሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈተል ክፍል ሠርተዋል። ጡረታቸው ብቻውን እንደማይበቃቸው ከልጃገረዶቹ ጀምሮ ሁላችንም እናውቃለን።

የፊልሙን ነገር ያነሱልኝ አክስቴ ናቸው። እሑድ ዕለት ከደሴ ወረድኩ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ በሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንደተለመደው ጃኬቱን አወለቀ። አክስቴ በሩን ለማጽዳት ሞክረው ነበር፤ ቀዩ ወደ ሮዝ ተለውጧል እንጂ አልለቀቀም።

«የበቅሎው ፊልምስ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«የምን በቅሎ፣ እትዬ?»

«በደጄ አልፎ የለ? አንቺ ያኔ አዲስ አበባ ነበርሽ። ካሜራ ተሸክመው መጥተው መንደሩን ሁሉ ሦስት ቀን አላስተኙንም።»

ያኔ አስታወስኩት። በአንድ ወቅት ቤተሰብ ከልጅ እስከ አዋቂ ተሰብስቦ የሚያየው ፊልም ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅና ታናሽ ወንድሟ የአያታቸውን በቅሎ የሰረቁ ሌቦችን ተከትለው ከገጠር ወደ ከተማ ይመጣሉ፤ ይራባሉ፣ ይጠፋሉ፣ በመጨረሻ በቅሎዋን ያገኛሉ። ከተማው ኮምቦልቻ ነው። ልጆቹ የሚሮጡበት መንገድ ደግሞ ያኔ ጠጠር የነበረው፣ አሁን ሊሰፋ የተቀባው መንገድ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ቅሬታ ተቀባዩ ወጣት ነው፤ ሲሳቅበት የኖረ የሚመስል፣ የማይስቅ።

«ፊልም?» አለኝ። «ሰርግ ነው ወይስ ምን?»

«የተሸጠ ፊልም ነው። በዲስክ የወጣ።»

መመሪያውን ገልጦ አንድ አንቀጽ አሳየኝ። የተነሳበት ጊዜ የሚታወቅ ምስል በደጋፊ ማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል ይላል። «ዓመቱ ከታወቀና ያልተነካካ ከሆነ ኮሚቴው ያየዋል። በስልክ የተቀዳ አንቀበልም። ዲስኩ ራሱ ይምጣ» አለኝ።

ዲስክ መፈለግ ቀላል መስሎኝ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት የተቆራረጠ አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ የአክስቴ መንደር የለበትም። ደሴ ፒያሳ ድሮ ፊልም ያከራዩ የነበሩ ሱቆች አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። አንዱ ባለ ሱቅ ግን ከድሮው ጀምሮ ያለ ሰው ነው። ጥያቄዬን ሰምቶ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ዲስክ? እህቴ፣ ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከሸዋ በር፣ ከዚሁ ከደሴ።»

«እኔ ከመቃብር መስሎኝ» አለ። «ወላሂ፣ ዲስክ የጠየቀኝ ሰው ካየሁ ዓመት አልፎኛል።»

እንዲህ ይበል እንጂ ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር ካርቶን ጎተተ። ዲስኮቹ በክር እንደ መቁጠሪያ ተሰክተዋል። ከመሃል አንዱን መዝዞ ሰጠኝ። «አምስት ፊልም በአንድ» ይላል። የበቅሎው ፊልም አራተኛው ነው። ሽፋኑ ላይ ዓመት የለም፤ ያሳተመው ሰው ስምም የለም።

ማጫወቻ ከጎረቤት ተዋስኩ። ሩጫውን እስካገኝ ድረስ ሦስት ጊዜ ቆመብኝ። ልጆቹ በጠጠሩ መንገድ እየሮጡ በየበሩ «ውሃ! ውሃ ስጡን!» ይላሉ። የሚከፍትላቸው የለም። የአክስቴ ቤት ለሦስት ሰከንድ ያህል ታየ፤ አረንጓዴ በር፣ ከጎኑ ግራሩ። ደስ ሊለኝ ሲል አንድ ነገር ከነከነኝ። ወደ ደሴ በሚወስደው አቅጣጫ ሲሮጡ በግራ መሆን የነበረበት የመስጊዱ ሚናራ በቀኝ ነው። የአንድ ሱቅ ታፔላ ታየ፤ ፊደሎቹ በመስታወት ውስጥ እንደታዩ ሁሉ ተገልብጠዋል። ምስሉ በሙሉ ዞሯል።

ወደ ፒያሳ ተመለስኩና ባለ ሱቁን ጠየቅኩት።

«ድሮ ኢንተርኔት ላይ ነበረ» አለ። «የሚጭኑት ሰዎች በቅጂ መብት እንዳይያዝባቸው ገልብጠው ነው የሚጭኑት። እኛ ከዚያ ቀዳነው።»

«እናንተ ናችሁ የቀዳችሁት?»

«እነሱ ማለቴ ነው» አለ፤ ዓይኑን እንኳ አላሸም።

ለሙከራ ያህል ዲስኩን ለቅሬታ ተቀባዩ አሳየሁት። የመንደሩን ንድፍ አውጥቶ ጣቱን አሳረፈበት። «በፊልሙ ላይ ያለው ቤት ከመንገዱ በስተምሥራቅ ነው። የእማማ ቤት በስተምዕራብ ነው።» ምስሉ እንደተገለበጠ ነገርኩት። «አምንሻለሁ» አለ። «ግን መልሰሽ ገልብጠሽ ብታመጪው አንቺ ነሽ የነካካሽው ይባላል።» ልክ ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የምለው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያውን እትም ያገኘሁት ከኮምቦልቻ ወዲያ ባለችው ደጋን ከተማ ነው። ደጋን ውስጥ ለብዙ ዓመት ቪዲዮ ቤት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ እንዳሉ የነገሩኝ የአክስቴ ተከራዮች ናቸው፤ አንደኛዋ የዚያ አገር ልጅ ናት። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ሰውየው ግን ዲስኮቹን አልጣሉም፤ በማዳበሪያ ጆንያ፣ የሕንዱን ለብቻ፣ የአማርኛውን ለብቻ አድርገው አስቀምጠዋል። ሁለት ቪሲዲ በአንድ ሽፋን አወጡልኝ። ሽፋኑ ላይ በቅሎዋና ልጆቹ አሉ። ከጀርባው ዓመቱ ታትሟል፤ መመሪያው ከሚጠቅሰው ዓመት በአራት ዓመት ይቀድማል።

«ልዋሰው፣ ጋሼ?»

«መታወቂያ አስይዢ።»

ድሮ ፊልም የሚከራይ ሰው ሁሉ መታወቂያ ያስይዝ ነበር። ሳቅ መጣብኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጋዜጠኛ ነኝ።»

«ታዲያ ሌላ ሰው ቢሆንማ መች እጠይቅ ነበር?» አሉ። የቀበሌ መታወቂያዬን ሰጠኋቸው። ተቀብለው ዲስኩ በነበረበት ጆንያ ውስጥ አኖሩት።

ቪሲዲው ላይ ምስሉ አልተገለበጠም። ሚናራው በቦታው ነው፤ የታፔላው ፊደል ይነበባል። ልጆቹ ወደ አክስቴ መንደር ታጠፉ። ልጅቷ ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። የግራ እግሯ ከጫማው ወጣ፤ ጫማው መሬት ላይ ሊቀር ሲል ምስሉ ቆመ። የመጀመሪያው ዲስክ አለቀ። ሁለተኛውን አስገባሁ። ሲጀምር ልጆቹ የቦርከና ድልድይ ላይ ናቸው።

አንዱ ቪሲዲ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ያባዛው ሰው አንደኛው ሲሞላበት ቆርጦ ሁለተኛውን ጀምሯል፤ በመሃል የጠፋው ነገር አላሳሰበውም። ሰዓቴን ይዤ ሁለት ጊዜ አየሁት። የአክስቴ ቤት በአንደኛውም በሁለተኛውም ዲስክ የለም።

በእጄ ቤቱ ያለበት፣ ዓመት የሌለውና የተገለበጠ አንድ ዲስክ አለ፤ ዓመቱ ያለበት፣ ቤቱ የሌለበት ሌላ አለ። ሠላሳው ቀን ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ከሥራዬ ፈቃድ አልወሰድኩም ነበር፤ ጠዋት ዜናዬን እልካለሁ፣ ከሰዓት ዲስክ እፈልጋለሁ። ደክሞኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ የምነግረውም ሰው አልነበረም።

ፒያሳ ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ባለ ሱቁ ከሩቅ አይቶኝ እጁን አወዛወዘ። «ነይ፣ የመቃብሯ! ተገኘልሽ።» ከዘመድ ቤት ያመጣው ዲቪዲ ነው። ፊልሙ «በአዲስ መልክ» ተብሎ እንደገና የወጣበት እትም። ሽፋኑ ላይ «ከካሜራ ጀርባ ያሉ ትዕይንቶች የተካተቱበት» ይላል። ዓመቱም አለ፤ ግን መመሪያው ከሚጠቅሰው ዓመት በሁለት ዓመት ይዘገያል።

ቤት ወስጄ ቪሲዲውን በጎረቤት ማጫወቻ፣ ዲቪዲውን በአሮጌ ኮምፒውተር ከፈትኳቸው። በቪሲዲው የመጀመሪያ ዲስክ የመጨረሻው ምስል ልጅቷ ናት፤ ቢጫ ሹራብ፣ የግራ እግር ከጫማ የወጣ፣ ከኋላዋ አንድ ነጭ ፍየል። በዲቪዲው ላይ ያንኑ ምስል አገኘሁት። እዚያ ግን አይቆምም። ካሜራው ሳይቋረጥ ዘጠኝ ሰከንድ ይቀጥላል፤ በስድስተኛው ሰከንድ ላይ የአክስቴ ቤት በግራ በኩል ይታያል፤ አረንጓዴ በር፣ ተዘግቶ። ስለዚህ ቤቱ ያለበት ምስል ከመጀመሪያው እትም ምስል ጋር አንድ ቀረጻ ነው፤ የመጀመሪያው እትም ደግሞ ዓመቱ ይታወቃል። ሁለቱ ዲስኮች አብረው ሲታዩ የቤቱን ዕድሜ ያስረዳሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀረ። በሩ ዝግ ነው። ማን እንደሚኖርበት አያሳይም።

ዲስኩን ሳላወጣ ስሞቹ እስኪያልፉ ጠበቅኩ። ከስሞቹ በኋላ በቀረጻ ጊዜ የተበላሹ ነገሮችን አከታትለው አስገብተዋል። ሌባው ከበቅሎዋ ሲወድቅ። ሽማግሌው ቃሉ ጠፍቶት ሲስቅ። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ያንን ቢጫ ሹራብ ለብሳ «ውሃ! ውሃ ስጡን!» እያለች ትሮጣለች። አረንጓዴው በር ብርግድ ይላል። አክስቴ ፀጉራቸውን በሻሽ አስረው፣ በባዶ እግራቸው፣ የፕላስቲክ ጆግ ይዘው ይወጣሉ።

«እናት! በሩ እንዳይከፈት ተብሏል እኮ!» ይላል ከካሜራው ጀርባ ያለ ድምፅ።

«ልጅቷ ተጠምታለች!»

«ትወና ነው!»

«ትወናም ቢሆን ትጠጣ!»

ልጅቷ ግራ ተጋብታ ቆማ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ታያለች። ከዚያ ጆጉን ተቀብላ ትጠጣለች። ካሜራ የያዘው ሰው እየሳቀ ስለሆነ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ፊታቸው ግልጽ ነው። ማንም የሚያውቃቸው ሰው አይሳሳትም።

ያንን ክፍል አምስት ጊዜ አየሁት። በአምስተኛው ላይ በሩን አየሁ። አክስቴ ሲወጡ የጓሮው በር ከኋላቸው ክፍት ነው፤ በሁለቱ በሮች መካከል ጓሮው ይታያል። ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ ከገመዱ ወዲያ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ሰማይ። ሰርቪሱ ባለበት ቦታ ምንም የለም።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን በቦርሳ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ዲስኩን ሳላሳያቸው አስቀድሜ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ሰርቪሱ የተሠራው መቼ ነው?»

«ፊልሙ ከመምጣቱ በፊት ነዋ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አንቺ እኔን እንደ ባለሥልጣን አትመርምሪኝ። በፊት ነው አልኩሽ።»

ከፈትኩላቸው። ራሳቸውን ሲያዩ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። መቀረጻቸውን አያውቁም ነበር። ያን ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ገብተው ተኝተው ነበር። በር እንዳትከፍቱ ተብሎ መንደሩ ሲነገረው እሳቸው አልሰሙም። «ልጅ ውሃ ብሎ በደጄ እየጮኸ ተኝቼ ላሳልፈው? አይ ሰው! ያ ቀጭኑ ሰውዬ እንዴት እንደጮኸብኝ! ልጅቷ ግን ጆጉን ጨርሳዋለች። ውሸት አልነበረም ጥማቷ።»

ደግሜ አሳየኋቸው፤ ጓሮው ሲታይ አቆምኩት። ጣቴን አልቀሰርኩም። ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ቱታው የእሱ ነው» አሉ።

በገመዱ ላይ ሰማያዊ የሥራ ቱታ ተሰጥቷል። ሟቹ ባለቤታቸው በዚያው ፋብሪካ ጥገና ክፍል ይሠሩ ነበር። ሰርቪሱን አክስቴ ያሠሩት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ነው፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ያላወቅነው ፊልሙ የመጣው እሳቸው በሕይወት እያሉ መሆኑን ነው። አክስቴ ለስንት ዓመት ፊልሙ የመጣው ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ሲመስላቸው ኖረዋል።

«እንዲያውም እሱ ያኔ በሕይወት ነበረ» አሉ ዝግ ብለው። «ያን ጠዋት ፈረቃ ላይ ነበር። እኔ አፌን ሞልቼ ሰርቪሱ ነበር አልኩሽ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ እኔ ከበሩ ስወጣ ላይ አይቆምም? ጓሮው ሳይታይ?»

«ጓሮው የሚታየው እርስዎ ሲወጡ ነው።»

«እናንተ መቁረጥ ታውቃላችሁ። ዜና ላይ የሰው አፍ ስትቆርጡ አያለሁ።»

«እናውቃለን።»

«ታዲያ?»

«አላደርገውም፣ እትዬ።»

«ለእኔም?»

ያለውን መንገድ ዘረዘርኩላቸው። ይህን ክፍል ሳያስገቡ ቢቀሩ ቤቱ እንደነበረ ይታወቃል፤ የእሳቸው እንደነበረ አይታወቅም፤ ምትክ የለም። ካስገቡት ዋናው ቤት ይያዝላቸዋል፤ ሰርቪሱ ግን ያኔ እንዳልነበረ በራሳቸው ማስረጃ ይታያልና ምትክ አይታሰብለትም። ቆርጠው ካስገቡትና ከታወቀ ሁለቱም ይቀራሉ። ካልታወቀ ሁለቱም ይገኙ ይሆናል። የመጨረሻውን ሳልደብቅ ነው የነገርኳቸው።

ያን ጊዜ ተከራዮቹ ከፈረቃ ገቡ። በጓሮ በኩል «እንዴት ዋሉ፣ እማዬ?» ሲሉ ሰማኋቸው። አክስቴ «ደህና» ብለው መለሱና ድምፃቸውን ቀነሱ። «እነዚህንስ ምን ልበላቸው? አንዷ ደጋን ድረስ ሰው ጠቁማልሽ ነው ዲስኩን ያገኘሽው።»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ምኑን ነው የማታውቂው?» ብድግ አሉ። «ሂጂ፣ መኪና ያመልጥሻል።»

ስምንት ሰዓት ነበር። ለደሴ መኪና እስከ ምሽት አይጠፋም። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሁለት ቀን አልደወሉም። እኔም አልደወልኩም። በእነዚያ ሁለት ቀናት ስለ ውሃ እጥረትና ስለ አንድ የስፖርት ውድድር ዘገብኩ። አንድ መረጃ ተሳስቼ ጽፌ እርማት አወጣሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰብኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ዲስኩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። መቁረጡ አሥር ደቂቃ እንደማይፈጅ አውቃለሁ። አልከፈትኩትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደወሉ።

«ኮሚቴው ወረቀት ይፈልጋል ብለሽኝ አልነበር? ምን ምን እንደሚታይ የሚል?»

«አዎ። በየትኛው ደቂቃ ምን እንደሚታይ።»

«ጻፊው።»

«ሙሉውን?»

«አንቺ ግማሽ መች ትጽፊያለሽ?»

አንድ ገጽ ሆነ። የሦስቱን ቅጂዎች ሽፋን፣ ዓመት ያላቸውንና የሌላቸውን፣ የተገለበጠው ለምን እንደማይቀርብ፣ የቪሲዲው መጨረሻና የዲቪዲው ምስል የሚገጥሙበትን ሰከንድ አሰፈርኩ። በስልክ አነበብኩላቸው። «ከበሩ በስተጀርባ ጓሮው ይታያል። በጓሮው ውስጥ ሌላ ቤት አይታይም» የሚለው ጋ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ቱታውን አልጻፍሽውም» አሉ።

«ለጉዳዩ አያስፈልግም ብዬ ነው።»

«የታየውን ሁሉ እጽፋለሁ ትዪ የለም? ጻፊው።»

«በገመድ ላይ ሰማያዊ የሥራ ቱታ ተሰጥቷል» የሚል ጨመርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች ዲስክ የሚቀበል አልነበረም። ማጫወቻና ቴሌቪዥን ከአክስቴ ጎረቤት ቤት በባጃጅ አመጣን፤ አክስቴ ቴሌቪዥኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ እኔ ማጫወቻውን ይዤ። መንገድ ላይ የባጃጁ ሾፌር «እማዬ፣ ሰርግ ነው እንዴ?» ሲላቸው «ፊልም ልሠራ ነው» አሉት።

የኮሚቴው አባላት ሦስት ናቸው፤ ቅሬታ ተቀባዩ፣ አንዲት መሐንዲስ፣ አንድ የነዋሪ ተወካይ። መጀመሪያ ቪሲዲው፣ ቀጥሎ ዲቪዲው ታየ። መሐንዲሷ ሁለቱ ምስሎች የሚገጥሙበትን ቦታ አራት ጊዜ አስደገመችን፤ ፍየሏን ሳይቀር ጻፈቻት። ከዚያ ከስሞቹ በኋላ ያለውን አሳየናቸው። አክስቴ ጆግ ይዘው ሲወጡ የነዋሪ ተወካዩ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ቅሬታ ተቀባዩ እንኳ አፉን በእጁ ያዘ።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት?» አለ።

«ታዲያ ማን ይሁን? አሁን ብትጠማም እሰጥሃለሁ።»

መሐንዲሷ አልሳቀችም። «እስቲ እዚህ ላይ አቁሚልኝ» አለችኝ። አቆምኩት። ጓሮውን አየች። ወረቀቴን አነበበች፤ እንደገና ስክሪኑን አየች።

«ሰርቪሱ ላይ ጥያቄ አለኝ» አለች። «እናት፣ ያኔ ነበረ?»

እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ። አክስቴ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«አይታይም» አሉ። «ያልነበረ ነገር እንዴት ይታያል? ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው የሠራሁት።»

«እሺ፣ እናት» አለችና ጻፈች።

ስንወጣ ቴሌቪዥኑን ባጃጅ ላይ አብረን ጫንን። ቤታቸው ደረስን። በሩ ላይ ሮዝ የሆነው ቀለም እንዳለ ነው። «ግቢና ምሳ ብዪ» አሉኝ። ገባሁና በላሁ። ተከራዮቹ በዚያ ሳምንት ሌላ ክፍል መፈለግ እንዲጀምሩ አክስቴ ራሳቸው ነገሯቸው። አንደኛዋ አለቀሰች፤ ሌላኛዋ «ጓሮው ቢቀርም ሳሎን ያስተኙናል፣ እማዬ» ብላ ልታስቃቸው ሞከረች። አክስቴ «ሳሎኑም እኮ ይፈርሳል፣ ሞኝ» አሏት።

ዲስኮቹ በፋይሉ ውስጥ እንዲቆዩ ስለተባለ ለደጋኑ ሰውዬ ሄጄ አስረዳኋቸው። ተናደዱ፤ ከጽሕፈት ቤቱ የተሰጠኝን ማረጋገጫ ወረቀት አንብበው ሲጨርሱ ግን መታወቂያዬን መለሱልኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሁለት ገጽ ነው። የአክስቴ ስም በሁለተኛው ገጽ፣ በተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ይገኛል። በዋና ቤት ዓምድ ሥር «አንድ» ተብሎ ተጽፏል። በምትክ ቦታ ዓምድ ሥር «ይሰጥ» ይላል። በሰርቪስ ዓምድ ሥር ሰረዝ ተደርጓል።